ከጦር ግምጃ ቤት የወጣ አሮጌ ጠመንጃ ለአጋዘን አደን ይሆናልን?

በኢትዮጵያ የጦር ግምጃ ቤቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት ተከማችተው የኖሩ አሮጌ ጠመንጃዎች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአስመጪዎች እጅ ውቅያኖስ ተሻግረው በአሜሪካ ገበያ እየተሸጡ ነው። ከመካከላቸው የጣሊያን ካርካኖ፣ የቤልጅግ ማውዘር፣ የእንግሊዝ ሊ ኤንፊልድ፣ እንዲሁም ከአድዋ ዘመን የቀሩ የፈረንሳይና የጣሊያን ጠመንጃዎች ይገኛሉ። የአንዳንዱ ሰደፍ ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ ወይም በሽቦ ተጠፍሮ የተጠገነ ነው። ምንሽር፣ ቤልጅግና ውጅግራ የሚሉትን ስሞች በፉከራና በቀረርቶ እየሰማ ላደገ ሰው እነዚህን መሣሪያዎች በባዕድ አገር ሱቅ መደርደሪያ ላይ ማየት ልብ የሚነካ ነገር ነው። የመጸው የአደን ወራት ሲቃረብ ደግሞ ከስሜቱ ቀጥሎ ጥያቄ ይመጣል፤ እንዲህ ያለው ጠመንጃ አጋዘን ለማደን ያገለግላል ወይ?

ብዙዎቹ ያገለግላሉ። ነገር ግን ለጦርነት በተሠራላቸው ጥይት አይደለም፤ ሳይመረመሩም አይደለም። ጦርና አደን ከጠመንጃ የሚፈልጉት ነገር የተለያየ ስለሆነ፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚሻገር መሣሪያ ማለፍ ያለበት ፈተና አለ። ይህ ጽሑፍ ያን ፈተና ያብራራል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አጋዘን» ስንል የቱን እንስሳ ማለታችን ነው?

በአገራችን አጋዘን የሚባለው ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ በጎኑ ላይ ነጫጭ መስመሮች ያሉት ትልቅ የዱር እንስሳ ነው። በሰሜን አሜሪካ የሚታደነው እንስሳ ከዚህ ይለያል፤ ቅርንጫፍ ያለው ቀንዱ በየዓመቱ ወልቆ እንደገና ይበቅላል፤ ሲደነግጥ የጅራቱን ነጭ ሥር ያሳያል። በስደት ያለው ወገናችን ይህንንም አጋዘን ብሎ ስለለመደ እዚህም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። በ1900 ገደማ ከመጠን በላይ በመታደኑ ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረው ይህ እንስሳ ዛሬ ቁጥሩ ወደ 30 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። አደኑም በየግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ፈቃድ፣ ወቅትና የቁጥር ገደብ የሚመራ የመንጋ አጠባበቅ ሥራ ነው።

«ከሠራዊት የተረፈ ጠመንጃ» የሚባለው የትኛው ነው?

አንድ ጦር አዲስ መሣሪያ ሲታጠቅ አሮጌውን በግምጃ ቤት ያስቀምጠዋል፤ ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ በጅምላ ይሸጠዋል። ለአደን የሚፈለጉት በአብዛኛው ከ1890ዎቹ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የተሠሩት፣ ተኳሹ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ መቀርቀሪያውን በእጁ እየሳበና እየገፋ ጥይት የሚያጎርስባቸው ጠመንጃዎች ናቸው። የጀርመኑ ማውዘር 98፣ የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ፣ የሩሲያው ሞሲን ናጋንት፣ የስዊድኑ ማውዘርና የአሜሪካው ስፕሪንግፊልድ 1903 ከነዚህ ይቆጠራሉ። በ1936 የአሜሪካ ጦር መደበኛ መሣሪያ የሆነው ኤም 1 ጋራንድ ግን ራሱ የሚያጎርስ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውሮፓ ግምጃ ቤቶች ሲራገፉ እነዚህ መሣሪያዎች ወደ አሜሪካ ጎረፉ። ከነጋዴዎቹ ሁሉ የታወቀው ሳሙኤል ከሚንግስ ነበር፤ መጋዘኖቹም ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳርቻ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ጠመንጃ እንደ ማንኛውም ዕቃ በፖስታ ይታዘዝ ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 የተገደሉበት ካርካኖ በዚህ መንገድ የተገዛ ነው። በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ የፖስታውን ሽያጭ አቆመ፤ የሠራዊት ትርፍ መሣሪያ ከውጭ እንዳይገባም ከለከለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሕጉ ሲሻሻል ለሰብሳቢ የሚሆኑ፣ በተለምዶ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው መሣሪያዎች እንደገና እንዲገቡ ተፈቀደ። ከኢትዮጵያ የወጡትም ያለፉት በዚህ በር ነው።

በአሥር ሚሊዮኖች የተሠራው ሞሲን ናጋንት በ2000ዎቹ ከ100 ዶላር ባነሰ ዋጋ ይሸጥ ስለነበር የብዙ ጀማሪ አዳኞች የመጀመሪያ ጠመንጃ ሆኗል። ያ ዘመን አልፏል። ግምጃ ቤቶቹ እየተራገፉ አልቀዋል፤ አሜሪካም በ2021 ከሩሲያ አዲስ የጥይትና የመሣሪያ ማስገቢያ ፈቃድ መስጠት አቁማለች። ስለዚህ «አሮጌ ስለሆነ ርካሽ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ዛሬ ብዙም አይሠራም። ጥይቱን፣ ምርመራውንና ጥገናውን የደመረ ሰው አዲስ የአደን ጠመንጃ በተቀራራቢ ዋጋ ሊያገኝ ይችላል።

ለጦርነት የተሠራ ጠመንጃ እንዴት ለአደን ይበቃል?

የአደን ጠመንጃና የጦር ጠመንጃ በሥራቸው እንጂ በአሠራራቸው ሩቅ ዘመዳሞች አይደሉም። የማውዘር 98 መቀርቀሪያ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ለብዙ የአደን ጠመንጃዎች መነሻ ንድፍ ሆኖ ቀጥሏል። የአሜሪካ ጦር በ1906 የተቀበለው፣ በተለምዶ «ሠላሳ ኦት ሲክስ» የሚባለው ጥይት ዛሬም በአገሩ አዳኞች ዘንድ በብዛት ከሚገዙት አንዱ ነው። የስዊድን ጦር 6.5 በ55 ሚሊሜትር ጥይት ደግሞ በስዊድን ከአጋዘን እጅግ የሚተልቀውን የሰሜኑን ባለ ሰፊ ቀንድ እንስሳ ለማደን ለትውልዶች አገልግሏል። ኃይል ስለሚያንሳቸው የሚጣሉ አይደሉም።

ታዲያ በግምጃ ቤት አብሮ የኖረውን የጦር ጥይት መተኮስ ለምን አይቻልም?

የነገሩ እምብርት ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፤ ከፊት ተወርውሮ የሚሄደው አረር፣ የናስ ቀለሃው፣ በውስጡ ያለው ባሩድና በግርጌው ያለችው ማቀጣጠያ ናቸው። የጦር ጥይት አረር እርሳሱ ጫፉን ጨምሮ በጠንካራ ብረት ተሸፍኗል። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ በ1899 በሄግ የተደረሰው ስምምነት በሰው አካል ውስጥ በቀላሉ የሚሰፋ ወይም የሚደፈጠጥ አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ስለከለከለ ነው።

በአደን ግን ሕጉም ርኅራኄውም ተገልብጦ ይቆማል። የተሸፈነ አረር እንደ ወስፌ ነው፤ ቆዳውን በስቶ፣ ሥጋውን አልፎ፣ በሌላው ጎን ይወጣል፤ የሚተወውም ቀዳዳ ጠባብ ነው። በዚህ የተመታ አጋዘን በቶሎ ሳይወድቅ ብዙ ርቀት ሊሮጥ፣ ጫካ ገብቶ በሥቃይ ሊሞትና ሳይገኝ ሊቀር ይችላል። ለአደን የሚሠራው አረር ጫፉ ለስላሳ እርሳስ ወይም በልዩ መንገድ የተቦረቦረ ስለሆነ፣ ሥጋ ሲነካ እንደ እንጉዳይ ባርኔጣ ይሰፋል፤ ልብና ሳንባን በአንድ ጊዜ ያቆማል፤ እንስሳውም በጥቂት ቅጽበት ይሞታል። በዚህ ምክንያት ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች አጋዘን ሙሉ ሽፋን ባለው አረር እንዳይታደን በሕግ ከልክለዋል። ሕጉ ባይኖር እንኳ፣ በእኔ እምነት፣ የእንስሳውን ሥቃይ ማሳጠር የአዳኝ የመጀመሪያ ግዴታ ነው። ጥይቱን ለመቆጠብ ሲባል የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ካሊፎርኒያ ከዚህም አልፋ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በማናቸውም አደን እርሳስ ያለው አረር ከልክላለች። በዚያ የሚያድን ሰው ለአሮጌው ጠመንጃው የመዳብ አረር ያለው ጥይት መፈለግ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጣጣ ከማቀጣጠያዋ ይመጣል። በብዙ አሮጌ የጦር ጥይቶች ማቀጣጠያ ውስጥ ያለው ኬሚካል ተቃጥሎ ሲያልቅ በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ የሚቀረው ጨው ነው፤ ይህም ከምግብ ጨው ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ቋንጣ የተሰነጠቀበትንና በጨው የታሸበትን ቢላዋ ሳያጥቡት ቢያድር ጠዋት ዝገት ጀምሮት እንደሚገኝ ሁሉ፣ ይህም ጨው የአየሩን እርጥበት እየሳበ ቱቦውን ከውስጥ ይበላዋል። የጠመንጃ ዘይት ብቻውን አያድነውም፤ ጨው በቅቤ እንደማይሟሟ በዘይትም አይሟሟምና። እንዲህ ያለ ጥይት በዒላማ ልምምድ ላይ የተኮሰ ሰው በዚያው ቀን ቱቦውንና መቀርቀሪያውን በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ ከዚያ በኋላ ዘይት መቀባት አለበት። በገበያ የሚገኙ አሮጌ ጠመንጃዎች የብዙዎቹ ቱቦ ውስጡ የጠቆረውና የተቦረቦረው ባለቤቶቻቸው ይህን ባለማድረጋቸው ነው።

ጠመንጃው በተኳሹ ፊት ላይ እንደማይፈነዳ በምን ይታወቃል?

ጥይት ሲተኮስ በቀለሃው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው አየር ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ይህን ሁሉ ግፊት አፍኖ የሚይዘው ከኋላ የተዘጋው መቀርቀሪያ ነው። በመቀርቀሪያው ፊትና ጥይቱ በሚጎርስበት ክፍል መካከል ያለው ርቀት በጣም ጠባብ በሆነ ልክ መወሰን አለበት። ርቀቱ ከልክ ካለፈ ቀለሃው የሚደገፍበት አጥቶ ይለጠጣል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል፤ የጋለው ጋዝም ወደ ተኳሹ ዓይን ይመለሳል። ክዳኑ በደንብ ሳይገጥም እሳት ላይ የተጣደ የግፊት ድስት ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል።

በአሮጌ የሠራዊት ጠመንጃ ላይ ይህ ሥጋት የሚጨምረው በግምጃ ቤት ውስጥ መቀርቀሪያዎች ስለሚቀያየሩ ነው። የአንዱ ጠመንጃ መቀርቀሪያ ከሌላው ጋር ይገጥማል፤ ይከፈታል፤ ይዘጋል፤ ርቀቱ ግን ላይስተካከል ይችላል። ስለዚህ ገዢው መጀመሪያ በመቀርቀሪያውና በጠመንጃው አካል ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን ያያል፤ ቢመሳሰሉም ባይመሳሰሉም ጠመንጃውን ወደ ጥገና ባለሙያ ይወስደዋል። ባለሙያው ለዚሁ የተሠሩ የብረት መለኪያዎችን በጥይቱ ቦታ እያስገባ ርቀቱን ይፈትሻል። ሥራው የደቂቃዎች ነው፤ ዋጋውም ከሆስፒታል ወጪ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

መለኪያ የማያገኘው ችግርም አለ። በስፕሪንግፊልድ የጦር ፋብሪካ ከተሠሩት የ1903 ጠመንጃዎች ተራ ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑት ብረታቸው ሲሠራ በእሳት አያያዝ ስሕተት ደርቆ ተሰባሪ የሆነባቸው ስላሉ፣ ባለሙያዎች እንዳይተኮሱ ይመክራሉ። ውጪያቸው ያማረ፣ ቱቦአቸው የጠራ ሊሆን ይችላል፤ ጉድለቱ በዓይን አይታይም።

ከኢትዮጵያ የመጡትን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቆ መናገር ያስፈልጋል። ጣሊያኖች በ1870 የተቀበሉትን ቬተርሊ የተባለ ጠመንጃ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለካርካኖ 6.5 ሚሊሜትር ጥይት እንዲሆን ቀይረውታል። የመጀመሪያው ንድፍ ለጥቁር ባሩድ ዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ስለነበር፣ ይህ የተቀየረው ቬተርሊ በካርካኖ ጥይት መተኮስ የለበትም፤ ጥይቱ ስለገባለት ብቻ ይችለዋል ማለት አይደለም። ውጅግራም እንዲሁ ነው። ስሙ ራሱ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣው ይህ የ1874 ጠመንጃ ጥቁር ባሩድ እንጂ የዘመኑን ጭስ አልባ ባሩድ አይሸከምም። እነዚህ ሁለቱ ግድግዳ ላይ ቢሰቀሉ ይበጃል።

የጥይቱ ስም ከጠመንጃው ስም ጋር ከተመሳሰለስ?

አሁንም ይጠነቀቁ። የጀርመኑ ማውዘር ጥይት ጥሩ ምሳሌ ነው። እስከ 1905 ድረስ የአረሩ ውፍረት 8.07 ሚሊሜትር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ 8.2 ሚሊሜትር ገደማ ተቀየረ። ቀለሃው ግን ያው ስለሆነ ወፍራሙን አረር በአሮጌው ጠባብ ቱቦ ማጉረስ ይቻላል፤ አረሩ በጠባቡ ቱቦ ውስጥ ሲታሽ ግን ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል። የአሜሪካ አምራቾች ይህን በመፍራት ለዚህ ጥይት የሚጨምሩትን ባሩድ ቀንሰዋል፤ ከአውሮፓ የሚመጣው ግን ሙሉ ኃይል አለው። ሁለቱም በሱቅ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ።

የካርካኖ ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። «6.5» ቢባልም ቱቦው ከሌሎቹ የ6.5 ሚሊሜትር ጠመንጃዎች ጥቂት ይሰፋል፤ ውስጡም 6.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለሌሎቹ የተሠራው 6.7 ሚሊሜትር አረር በዚህ ቱቦ ውስጥ ልኩን ስለማያገኝ ዒላማውን ይስታል። ካርካኖ ለመጥፎ ተኩስ የወጣለት ስም አብዛኛው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ልክ የሆነ አረር ሲያገኝ ጨዋ ጠመንጃ ነው። ደግሞም ካዝናው እንዲሠራ ስድስት ጥይት የሚይዝ ልዩ የብረት ማቀፊያ ይፈልጋል፤ ያ ከጠፋ ጥይት አንድ በአንድ ነው የሚጎርሰው።

ኤም 1 ጋራንድ ደግሞ ራሱን የሚያጎርሰው ከቱቦው በሚሰርቅ ጋዝ ስለሆነ፣ ለዘመኑ የአደን ጠመንጃ የተሠራ ከባድ ጥይት ሲተኮስበት ጋዙ የሚገፋውን ረጅም ዘንግ ሊያጎብጠው ይችላል። ለጋራንድ ተብሎ የተሠራ ጥይት መግዛት ወይም ጋዙን የሚቀንስ ብሎን ማስገባት መፍትሔ ነው።

ማነጣጠሪያውስ ለጫካ ይሆናል?

የጦር ጠመንጃ ማነጣጠሪያ የተሠራው በሩቅ ሜዳ በተሰለፈ ሠራዊት ላይ ለመተኮስ ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ማውዘር ማነጣጠሪያ ዝቅተኛው ልክ 400 ሜትር ነበር። የአጋዘን አደን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሜትር ባነሰ ርቀት በዛፎች መካከል የሚደረግ ነው። ለ400 ሜትር የተስተካከለ ጠመንጃ በ100 ሜትር ላይ ከታለመው ነጥብ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይመታል። ከአጋዘን ትከሻ ኋላ ልብና ሳንባ የሚገኙበት ስፍራ ጠቅላላ ስፋቱ 20 ሴንቲሜትር ያህል መሆኑን ስናስብ፣ መካከሉን ያለመ ሰው ወይ ይስታል ወይ ያቆስላል ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ጫካ ከመግባት በፊት በተኩስ ሜዳ፣ በዚያው በሚታደንበት ጥይት፣ በ50ና በ100 ሜትር ተኩሶ ጠመንጃው የት እንደሚመታ ማወቅ የግድ ነው።

ማን መያዝ ይችላል? የትስ ይፈቀዳል?

በአሜሪካ ሕግ የግሪን ካርድ ባለቤት ጠመንጃ መግዛትና ማደን ይችላል። በተማሪ፣ በጎብኚና በመሳሰለው ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመርሕ ደረጃ ጠመንጃ መያዝ የተከለከለ ሲሆን፣ የጸና የአደን ፈቃድ ላላቸው ሰዎች የተለየ ድንጋጌ አለ። ሕጋዊ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ጨርሶ አይፈቀድለትም፤ ጥሰቱም ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር ጠመንጃ በእጁ እንዳይነካ አደራ እላለሁ። መንግሥት ባቋቋመው የሲቪሎች ተኩስ ፕሮግራም በኩል የሚሸጠው ጋራንድ ደግሞ ለዜጎች ብቻ ነው።

እስከ 1898 የተሠሩ ጠመንጃዎች በፌዴራል ሕግ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ስለሚታዩ የግዢ ሥርዓታቸው ቀላል ነው፤ የግዛቱ ሕግ ግን የተለየ ሊሆን ይችላል። የአደኑም ሕግ እንደ ግዛቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ ለአጋዘን ከ0.23 ኢንች ያላነሰ የቱቦ ስፋት ስለምትጠይቅ የተጠቀሱት ሁሉ ያሟላሉ፤ ሆኖም ጭራሽ እንዲህ ያለ ጠመንጃ የማይፈቅዱ አውራጃዎች አሏት። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ኦሃዮ ደግሞ በአጋዘን ጠመንጃ ወቅት የሚፈቀደው ከ2014 ጀምሮ ቀለሃው ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ ጥይት ነው። የጦር ጥይቶች ቀለሃቸው እንደ ጠርሙስ አንገቱ ላይ ስለሚጠብ፣ ከላይ ያነሣናቸው ጠመንጃዎች በዚያ ለአጋዘን አይሆኑም። የአዳኞች የደኅንነት ትምህርት በሁሉም ግዛቶች አለ፤ ለጀማሪ በአብዛኛው ግዴታ ነው።

ጠመንጃውን ቆርጦ የአደን መሣሪያ ማድረግስ?

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አዳኞች የሠራዊቱን ጠመንጃ ሰደፍ ቆርጠው፣ ቱቦውን አሳጥረው፣ ለማነጣጠሪያ መነጽር ማስቀመጫ ብረቱን በስተው ይጠቀሙበት ነበር። ያኔ ጠመንጃው የትም ስለሚገኝ ማንም አላዘነለትም። ዛሬ ግን የተቆረጠ ጠመንጃ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል። ቀድሞ የተቆረጠ ያገኘ ሰው ያለ ጸጸት ሊያድንበት ይችላል፤ እንዲያውም ለአደን የሚገዛ ሰው እንዲህ ያለውን ቢፈልግ እመርጣለሁ። የይሁዳ አንበሳ ምልክት በተቀረጸበት የቤልጅግ ማውዘር ላይ ግን መሰርሰሪያ ማንሣት ሌላ ነገር ነው፤ ያ ምልክት ዳግመኛ አይሠራም። ዓይኑ የደከመ ሰው የማነጣጠሪያ መነጽር ቢያስፈልገው፣ ለብዙዎቹ ጠመንጃዎች የኋላው ማነጣጠሪያ ሲነቀል በእርሱ ቦታ የሚገጠም፣ ምንም ቀዳዳ የማይፈልግ ማስቀመጫ በገበያ አለ። የተነቀለውን ማነጣጠሪያና ብሎኖቹን በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀመጠ ሰው፣ የአደን ወራት ሲያልቅ ጠመንጃውን ከግምጃ ቤት እንደወጣ አድርጎ መመለስ ይችላል።